ከወንበሩ በታች ያለው ጥያቄ፦ የዴልሂው የመጸዳጃ ቤት ሙዚየም

በሕንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ለየት ያለ ሙዚየም አለ። የሱላብ ዓለም አቀፍ የመጸዳጃ ቤት ሙዚየም ይባላል። የተከፈተው በ1992 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውስጡ የ4,500 ዓመት የሽንት ቤት ታሪክ ተደርድሯል። ስሙን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ፈገግ ይላል። ታይም መጽሔትም ከዓለም እንግዳ ሙዚየሞች ተርታ አስቀምጦታል።

መሳቁ አይከፋም። ዙፋን የመሰለ፣ የመጻሕፍት ቁልል የመሰለ ሽንት ቤት የሚታይበት ቦታ ነው። ይሁንና ሙዚየሙን ያቋቋሙት ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰጡት ለአንድ ጉዳይ ነበር፤ ዕቃዎቹንም የሰበሰቡት እሱን ለማስረዳት ነው። የአንድ ሽንት ቤት ጥሩነት የሚታወቀው ሰው ተጠቅሞ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ያ ሁሉ ነገር የት ገባ? ማንስ ተሸከመው?

እስቲ ከዙፋኑ እንጀምር። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ዙፋን አምሳያ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ የቤተ መንግሥት ወንበር ነው። መቀመጫው ግን መሐሉ ክፍት ነው፤ ሥሩ ፖፖ ይገባበታል። ሉዊ እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተጸዳዳ ሰው ማነጋገር ልማዱ ነበር። ያን ጊዜ ነውር አልነበረም። እንዲያውም እዚያ ድረስ መግባት የተፈቀደለት ሰው የንጉሡ ቅርብ መሆኑን በዚያ ያውቃል። በእንግሊዝ በሄንሪ 8ኛ ቤተ መንግሥትም ንጉሡ ሲጸዳዳ አጠገቡ ሆኖ የሚያገለግል ሹም ነበረ። ሥራው ሲሰሙት ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ሹመቱ ግን ከንጉሡ ጆሮ የሚያቀርብ ስለሆነ በጣም የሚፈለግ ነበር።

አሁን ጥያቄዎቻችንን እናንሣ። ከዙፋኑ ሥር ቧንቧ የለም። ቦይ የለም። ፖፖው ይሞላል፣ አንድ አገልጋይ ብድግ አድርጎ ያወጣዋል፣ ወስዶ ይደፋዋል። በአውሮፓ ከሁሉ የገነነው ንጉሥና የመጨረሻው ድሃ በዚህ ነገር እኩል ነበሩ፤ የሁለቱም ቆሻሻ የሚወጣው በሰው እጅ ነው። ንጉሡ የሚሸከምለት ሰው አለው፣ ድሃው ራሱ ይሸከማል። ሌላ ልዩነት የለም።

የመጻሕፍቱ ቁልልም ያው ነው። ሲታይ ትላልቅ መጻሕፍት ተደራርበው የተቀመጡ ይመስላል፤ ክዳኑ ሲነሣ ፖፖ ነው። የውድ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን የመሰለም አለ፤ እንግሊዞች ለአደን ወጥተው ሜዳ ሲያድሩ ይዘውት የሚሄዱት ዓይነት ነው። ያ ሁሉ የእንጨት ሥራና ጥበብ የፈሰሰው ነገሩን ከዓይን ለመሸሸግ ነው። ቆሻሻውን ለማስወገድ የዚያን ሩብ ያህል እንኳ የተጨነቀ አልነበረም።

የሚገርመው፣ ከሉዊ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ የተሻለ የሠራ ሕዝብ ነበረ። ሙዚየሙ ታሪኩን የሚጀምረው ከኢንደስ ሸለቆ ሥልጣኔ ነው። በዛሬዋ ፓኪስታን ውስጥ የምትገኘው ሞሄንጆ ዳሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ገደማ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብዙዎቹ ቤቶች የየራሳቸው መታጠቢያ ነበራቸው፤ ሽንት ቤት ያላቸውም ነበሩ። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ በጡብ ወደተሠራ የመንገድ ቦይ ይገባል። ቦዩ ክዳን አለው። ቦታ ቦታው ላይ ደግሞ ጠጣሩ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ አለ፤ እየተከፈተ ይጠረጋል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ቦይ ማንም ይቆፍራል። ቦይ አንድ ቀን እንደሚደፈን አስቀድሞ አስቦ የሚጠረግበትን ቦታ የሚተው ግን ነገን ያሰበ ሰው ነው።

ሮማውያን ደግሞ በትልቁ ሠሩ። ክሎአካ ማክሲማ የሚባለው ትልቁ ቦያቸው ዛሬም በከፊል አለ። የሕዝብ ሽንት ቤቶቻቸው ረጅም የድንጋይ አግዳሚ ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ መሐላቸው ግርዶሽ የለም። ሥራቸው ውሃ ይፈሳል። ለመጥረጊያ እንጨት ላይ የታሰረ ስፖንጅ ይጠቀሙ ነበር፤ አንዱ የተጠቀመበትን ሌላው ያነሣዋል ተብሎ ይታመናል። ውጤቱስ? ተመራማሪዎች ከሮማ ዘመን ጉድጓዶችና መቃብሮች የወጣ አፈር ሲመረምሩ የወስፋትና የሌሎች የሆድ ትላትል እንቁላል በብዛት አግኝተዋል። ያ ሁሉ መታጠቢያና ሽንት ቤት ትላትሉን አልቀነሰውም። አንዱ ምክንያት ነው የሚባለው ከከተማው የሚወጣው ዓይነ ምድር ሳይቆይ፣ ገና ትኩሱን፣ ማሳ ላይ መበተኑ ነው። ይህን የመቆየት ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ቁልፉ እሱ ሆኖ ይመጣል።

የመካከለኛውን ዘመን እንለፈው። በግንብ ላይ ከተንጠለጠለ ክፍል በቀዳዳ ወደ ታች መልቀቅ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

ውሃ የሚለቀቅበትን ሽንት ቤት ሠርቶ ያሳየው ሰር ጆን ሃሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የክርስትና ልጅ ነበር። በ1596 አሠራሩን ጽፎ አሳተመ፤ ለንግሥቲቱም አንድ ተሠራላት። ነገሩ ግን አልተስፋፋም። ዋናው ችግር ሽታው ነው። ከሥር ያለው ጉድጓድና ክፍሉ በቀጥታ ስለሚገናኙ፣ ውሃው ቆሻሻውን ወስዶ ሽታውን ይመልሰዋል።

መፍትሔው በ1775 መጣ። ያመጣው አሌክሳንደር ከሚንግ ነው፤ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ። ምን አደረገ? ቧንቧውን አጠፈው። ይኸው ነው። ከመቀመጫው ሥር ቧንቧው ይወርዳል፣ ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። ውሃ ሲለቀቅ የመጨረሻው ውሃ እዚያ እጥፋት ውስጥ ይቀራል። ያ የቀረው ውሃ ነው በሩን የሚዘጋው። አየር አያልፈውም፣ ሽታ አያልፈውም፣ ዝንብ አያልፈውም። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ሲለቀቅ አሮጌው ተገፍቶ ይሄዳል፣ አዲሱ ቦታውን ይይዛል። የሚንቀሳቀስ ብረት የለው፣ የሚያረጅ ጎማ የለው። እስከ ዛሬ የተሻለ አልተገኘለትም።

ቤታችሁ ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። እጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ በሉና ቧንቧውን ተመልከቱ፤ የቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት እጥፋት እሱ ነው። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የከረመ ሻወር ቤት ሲገማም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ አይደለም፤ እጥፋቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ደርቋል። ትንሽ ውሃ አፍስሱበት፣ ሽታው ይቆማል።

እንግዲህ ሽታው ተዘጋ። ችግሩ አለቀ ማለት ነው? ለንደን ላይ የሆነውን እንይ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው የታሪኩ ክፍል ይሄ ነውና ትንሽ እንቆይበት።

በ1851 ለንደን ውስጥ ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲካሄድ ጆርጅ ጄኒንግስ የተባለ ባለሙያ ለጎብኚዎች የሕዝብ ሽንት ቤት አዘጋጀ። ከ827,000 በላይ ሰው አንድ አንድ ፔኒ እየከፈለ ተጠቀመበት። ብዙዎቹ ውሃ ያለው ሽንት ቤት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ያየው ሁሉ ቤቱ እንዲኖረው ፈለገ። የለንደን ቤቶች ሥር ግን የነበረው በየጊዜው በሰው የሚጠረግ ጉድጓድ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ቶሎ ይሞላል፣ ይገነፍላል። ስለዚህ ጉድጓዶቹ፣ ከኤግዚቢሽኑም በፊት ጀምሮ፣ ለዝናብ ውሃ ከተሠሩት ቦዮች ጋር እንዲገናኙ ተደረገ። ቦዮቹ የሚገቡት ቴምዝ ወንዝ ነው። የከተማው ሰው የሚጠጣው ውሃስ ከየት ይቀዳል? አብዛኛው ከዚያው ከቴምዝ።

ኮሌራ በ1848 እና በ1849 ለንደን ውስጥ ወደ 14,000 ሰው ገደለ። በ1853 እና በ1854 ተመልሶ መጥቶ ወደ 10,000 ሰው ጨረሰ። የዘመኑ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ አየር ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው አልተዋጠለትም። በ1854 በሶሆ ሰፈር ብሮድ ስትሪት አካባቢ የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ አጣራ። አብዛኞቹ ከአንድ ፓምፕ ውሃ የሚቀዱ ሆነው ተገኙ። የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አስደረገ። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ አላመኑትም።

ከተማዋን ያስነሣት ሌላ ነገር ሆነ። በጁን 1858 ሙቀቱ በረታና ቴምዝ ገማ። ፓርላማው ወንዙ ዳር ነው። መጋረጃዎቹን በክሎሪን ኖራ ነክረው ሽታውን ሊከላከሉ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ለዓመታት ስለ ወጪው ሲጨቃጨቁ የኖሩ እንደራሴዎች ሕጉን በ18 ቀን ውስጥ አወጡት። ሥራው ለመሐንዲሱ ለጆሴፍ ባዛልጌት ተሰጠ። ባዛልጌት 132 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና ዋና ቦዮችን ከወንዙ ጋር ትይዩ አድርጎ ሠራ። ቆሻሻው ወንዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ይጠለፋል፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ሩቅ ተወስዶ ይለቀቃል። ያን ጊዜ ማጣራት አልነበረም፤ የታችኛው ተፋሰስ ሰው መከራውን ወረሰ። ለለንደን ግን ለውጡ ወዲያው ታየ። በ1866 ኮሌራ መልሶ ሲመጣ ክፉኛ የመታው ምሥራቅ ለንደንን ነው፤ አዲሱ መስመር ገና ያልተጠናቀቀበትን ሰፈር።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ነገር አለ። ከታመመ ሰው ሆድ የወጣ ተሕዋስ በሕይወት ለመቀጠል የሚሻው አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው አፍ። የሚደርስባቸው መንገዶችም ጥቂት ናቸው። በውሃ ይሄዳል፣ በጣት፣ በዝንብ፣ በአፈር፣ በምግብ። ኮሌራም ታይፎይድም ወስፋትም ፖሊዮም፣ ሕፃናትን የሚጨርሰው ተራ ተቅማጥም በእነዚሁ ነው የሚመጣው። እጅ መታጠብ አንዱን መንገድ ይዘጋል፣ ውሃ ማከም ሌላውን ይዘጋል። በደንብ የተሠራ ሽንት ቤት ሁሉንም ከመነሻቸው ይዘጋል። ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በ2007 "ከ1840 ወዲህ ትልቁ የሕክምና እመርታ ምንድነው?" ብሎ ድምፅ ሲያሰጥ አንደኛ የወጣው የንጽህና አጠባበቅ ነው፤ አንቲባዮቲክና ማደንዘዣ ከኋላው ቀሩ። ትክክለኛ ፍርድ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን ያወራነው "የት ገባ?" ስለሚለው ነው። "ማን ተሸከመው?" የሚለውን ሕንድ ውስጥ እንደሚኖር ሰው የጠየቀው የለም፤ ሙዚየሙም እዚያ የተከፈተው ለዚህ ነው።

መሥራቹ ዶክተር ቢንደሽዋር ፓታክ በ1943 በቢሃር ግዛት፣ ራምፑር ባገል በምትባል መንደር፣ በሂንዱ የዘር ደረጃ ከሁሉ በላይ ከሚባለው ከብራህሚን ወገን ከሆነ ቤተሰብ ተወለዱ። ቤታቸው ሰፊ ነበር፤ ሽንት ቤት ግን አልነበረውም። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ እዳሪ ይወጣሉ፤ ቀን የመጣባት እስኪመሽ ትይዘዋለች። ልጅ ሳሉ አንዲት "የማትነካ" ከሚባለው ወገን የሆነች ሴት ነኩ። አያታቸው "ረክሷል" ብለው የላም እበትና ሽንት፣ የጋንጅስንም ውሃ አስዋጧቸው። ዶክተር ፓታክ ይህን ታሪክ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ሳይታክቱ ተናግረውታል።

የማይነኩ ተብለው የተገለሉት ዛሬ ዳሊት የሚባሉት ናቸው። ከእነሱ የአንዳንዶቹ የዘር ሥራ የሌላውን ሰው ሽንት ቤት መጥረግ ነበር። ሽንት ቤቱ ደረቅ ነው፤ ጉድጓድም ቧንቧም የለውም፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው ባዶ ወለል ወይም ባልዲ ነው። አንዲት ሴት በየማለዳው በጓሮ በኩል ትመጣለች። በቆርቆሮና በመጥረጊያ ትዝቀዋለች፣ ቅርጫት ትሞላለች፣ በራሷ ተሸክማ ትሄዳለች። ዝናብ ሲጥል ከቅርጫቱ እየተንጠባጠበ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ደመወዟ ብዙ ጊዜ የተረፈ ምግብ ነው። ውሃ ብትጠይቅ ዕቃ አይሰጣትም፣ ከላይ ወደ መዳፏ ይፈስላታል። ልጇም ያንኑ ሥራ ትወርሳለች።

በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት አንድን ሰው የማይነካ ብሎ ማግለልን ከለከለ። ሕጉ ተለወጠ፤ ሽንት ቤቱ ግን አልተለወጠም። ሽንት ቤቱ እስካለ ድረስ ደግሞ የሚጠርገው ሰው ያስፈልጋል። ዶክተር ፓታክ የገባቸው ይሄ ነው። በ1968 በቢሃር የጋንዲን 100ኛ ዓመት ልደት ለማክበር የተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ ተቀጠሩ፤ ቤቲያ በሚባል ከተማ በጠራጊዎቹ ሰፈር ገብተው ለወራት አብረዋቸው ኖሩ። እሳቸው እንደሚናገሩት፣ እዚያ ሳሉ አንድ ልጅ በበሬ ተወጋ። ሰው ሊያነሣው ሮጠ። "የዚያ ሰፈር ልጅ ነው" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ጥሎት ተመለሰ። እሳቸውና ጓደኛቸው ሐኪም ቤት ቢያደርሱትም ልጁ ሞተ።

በ1970 ሱላብ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ሰዎቹን ከሥራው ለማውጣት ሥራውን ራሱን ማጥፋት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ሰው በእጁ የማይዝቀው ሽንት ቤት መኖር አለበት። ርካሽ መሆን አለበት፣ ብዙ ውሃ መፍጀት የለበትም፣ የከተማ ፍሳሽ መስመር መጠበቅም የለበትም። መነሻ ሐሳቡን ከባዶ አልፈጠሩትም፤ የነበረውን አጥንተው አሻሻሉት። ውጤቱ ባለሁለት ጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። አሠራሩን ረጋ ብለን እንየው።

በቁጢጥ የሚቀመጡበት ሳህን አለ። የሳህኑ ውስጥ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ቆሻሻው ሳይጣበቅ በራሱ እንዲንሸራተት ነው እንዲህ የቆመው። ከሥሩ ያ የከሚንግ እጥፋት አለ፤ ውሃው የሚቆመው ግን 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ውሃ ከጣሳ ቢያፈሱበት በቂ ነው። የድሮዎቹ ባለ ታንከር ሽንት ቤቶች 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቁ ነበር። ውሃ ከሩቅ ተሸክማ ለምታመጣ ቤተሰብ ይህ ልዩነት የመኖርና ያለመኖር ያህል ነው።

ከእጥፋቱ የሚወጣው ቦይ መንታ መንገድ ላይ ይደርሳል። አንዱ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ፣ አንዱ ወደ ሁለተኛው ይወስዳል። በአንድ ጊዜ የሚከፈተው አንዱ ብቻ ነው። የጉድጓዱ ግድግዳ በጡብ ሲገነባ ክፍተት እየተተወ ነው፤ ፈሳሹና ጋዙ በክፍተቶቹ ወደ አፈሩ ይሰርጋሉ። ስለዚህ የሽታ ማስወጫ ቱቦ እንኳ አያስፈልገውም። ጠጣሩ ይቀራል። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጥቂት ዓመት አገልግሎ ሲሞላ በሩ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ይከፈታል።

አሁን ነው የመቆየት ነገር የሚመጣው። የተዘጋው ጉድጓድ ሁለት ዓመት ገደማ ሳይነካ ይከርማል። አዲስ ነገር አይገባበትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ በአፈር ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ጠጣሩን ያብላሉታል፣ ይደርቃል፣ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ። ከሁሉ ልበ ደንዳናው የወስፋት እንቁላል ነው፤ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ጊዜው የረዘመው በእሱ ምክንያት ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት የሚገኘው ጥቁር፣ ሽታ የሌለው አፈር ነው። ማንም በአካፋ ያወጣዋል፣ ማሳው ላይ ይበትነዋል። ሮማውያን የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነበር።

በማኅበራዊ ኑሮ በኩልም ነገሩ ትልቅ ነው። የሚወጣው ነገር ዓይነ ምድር መሆኑ ስለቀረ፣ የሚያወጣው ሰው "የረከሰ" የሚባልበት ምክንያት አብሮ ይቀራል። ሱላብ ሕንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽንት ቤት ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ቤቶች ውስጥ ሠርቷል።

በየቦታው ይሆናል ማለት አይደለም። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ፈሳሹ ወደ ውሃው ይደርሳል፤ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ርቆ መቆፈር አለበት። አለታማ መሬት አይመቸውም፣ ውሃ የማያሰርግ ጭቃም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያበላሸው ተራ ስህተት ነው። ግንበኛው መንታ መንገዱ ላይ አንዱን በር መዝጋት ይረሳና ሁለቱም ጉድጓዶች እኩል ይሞላሉ። ያኔ የሚከርም ጉድጓድ የለም፤ የአሠራሩ ጥበብ በአንዲት ያልተዘጋች ቀዳዳ ይቀራል።

ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት የሕዝብ ሽንት ቤት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ሱላብ በ1974 ፓትና ከተማ ላይ ከፍሎ የሚገባበት የሕዝብ ሽንት ቤት ከፈተ። "ለዚህ ማን ይከፍላል?" ያሉ ነበሩ፤ ሰዉ ንጹህ ሆኖ ሲያገኘው ከፈለ። ከዚያ የሚወጣው ቆሻሻ አየር ወደማይገባው የታፈነ ጉድጓድ ይገባል። አየር በሌለበት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሚቴን የበዛበት ጋዝ ይወጣል። በሱላብ ስሌት አንድ ሰው በቀን ወደ 28 ሊትር የሚጠጋ ባዮጋዝ ያስገኛል። ሙዚየሙ ባለበት ግቢም ይኸው ጋዝ ምግብ ያበስላል፣ መብራት ያበራል።

ሕጉ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሕንድ ሰውን ሽንት ቤት በእጁ ማስጠረግን በሕግ የከለከለችው በ1993 ነው፤ በ2013 ሕጉን አጠናከረችው። በ2014 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍሳሽ መስመርና ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ገብተው ለሞቱ ሠራተኞች ቤተሰቦች 1 ሚሊዮን ሩፒ እንዲከፈል ወሰነ፤ በ2023 ወደ 3 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። ካሳው ከፍ ማለቱ ራሱ የሚናገረው አለ። ሰው ዛሬም ያለ መከላከያ ወርዶ በጋዝ ይታፈናል፤ የሚሞቱትም ባብዛኛው ከዚያው ከተገለለው ወገን ናቸው። በ2014 የተጀመረው "ንጹህ ሕንድ" የተሰኘው የመንግሥት ዘመቻ በ5 ዓመት ውስጥ እጅግ ብዙ ሽንት ቤት አሠርቷል። ሥራው ግን በመቀመጫ ቁጥር ብቻ መለካት የለበትም ብዬ እከራከራለሁ፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ያወጣዋል የሚለው አብሮ መቆጠር አለበት። በመላው ዓለም እንኳ በ2022 ቆሻሻው እስከ መጨረሻው በደህና የሚወገድለት መጸዳጃ ያላገኘ 3.5 ቢሊዮን ሰው ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 419 ሚሊዮኑ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ነው።

የተለወጠ ሕይወትም አለ። ኡሻ ቻውማር የራጃስታን ግዛት የአልዋር ከተማ ሴት ናት። ሽንት ቤት መጥረግ የጀመረችው በ7 ዓመቷ ነው። በ2003 ሱላብ አልዋር ውስጥ ለጠራጊ ሴቶች ማሠልጠኛ ሲከፍት ገባች፤ ምግብ ማዘጋጀትና የእጅ ሥራ ተምራ ከቅርጫቱ ተላቀቀች። በ2020 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የሀገሪቱን የክብር ሽልማት ተሸለመች። ዶክተር ፓታክ ራሳቸው በ2009 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማትን አግኝተዋል። ያረፉት በኦገስት 15 ቀን 2023፣ በሕንድ የነጻነት ቀን ነው።

ዓለም ላይ ሌሎችም እንዲህ ያሉ ሙዚየሞች አሉ። በደቡብ ኮሪያ በሱዎን ከተማ አንድ የቀድሞ ከንቲባ በ2007 ቤታቸውን በሽንት ቤት መቀመጫ ቅርፅ አስገነቡ፤ ካረፉ በኋላ ቤቱ ሙዚየም ሆነ። ጃፓን ውስጥ በኪታኪዩሹ ከተማ ቶቶ የተባለው ኩባንያ በ1980 ያወጣውን ውሃ ረጪ መቀመጫ ጨምሮ የሠራውን የሚያሳይበት አለው። ሁለቱም ደስ ይላሉ።

ዴልሂ የሚሄድ ካለ የሱላብን እንዳያልፈው። መግቢያው ነጻ ነው። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ የቀረውን ጊዜ ለግቢው ስጡ። እዚያ ባለሁለት ጉድጓዱ ሽንት ቤት በናሙና ተሠርቶ ይታያል፤ ዋጋውም ዕቃውም እንደ ባለቤቱ አቅም የተለያየ ነው። ጡብ ላለው በጡብ፣ ድንጋይ ላለው በድንጋይ፣ ቀርከሃ ላለውም በቀርከሃ ይሠራል። አስጎብኚውን መንታ መንገዱን ክፈትልን በሉት፤ የትኛው በር እንደተዘጋ በዓይናችሁ እዩ።